ሳይገሉ ጎፈሬ

ባለፈው ዓመት ሁለት ወንድማማቾች በአባታቸው ቦታ ድንበር ተጣልተው፥ ታናሹ ታላቁን በዱላ ፈንክቶት ስለ ነበር፥ እኔም ከሁለት ሽማግሌዎች ጋራ ለዕርቅ ተጠራሁ። ታላቁ ብዙ ትምህርት ያላገኘ፥ በአናጢነት የሚኖር ሰው ነው። ታናሹ ግን መጽሐፍ የሚወድ ጐበዝ ተማሪ ነው። «ለምን መታኸው? ያሳደገህ ወንድምህ አይደለምን?» ብለን በጠየቅነው ጊዜ፥ አጥፍቻለሁ ይላል ብለን ስንጠብቅ፥ እንዲህ ሲል መለሰ፤ «ጋሼ፥ ይህ እኮ የኔ ጥፋት አይደለም፤ የሰው ተፈጥሮ ነው። ሰው ከገዳይ አውሬ የተወለደ ስለ ሆነ፥ ድንበሩን ሲነኩበት መምታቱ አይቀርም። በመጽሐፍ ተጽፏል።»

ለጥቂት ጊዜ ዝም አልን። በኋላ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፥ «እንግዲያውስ ካሣውን ከአውሬው ተቀበልና ለወንድምህ ስጥ» ቢሉት ሁላችንም ሳቅን፤ ልጁም ሳይወድ ፈገግ አለ። እኔ ግን ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነገሩ ሳቅ ሆኖ አልቀረልኝም። ሰካራም «ጠጁ ነው ያስመታኝ» ቢል የተለመደ ነው። የተማረ ልጅ «መጽሐፉ ነው» ሲል ግን መጽሐፉን ፈልጎ ማንበብና መመርመር ይገባል። ስለዚህ መጽሐፉን ከልጁ ተውሼ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ያገኘሁትንም በዕድሜ ለሚመስሉት ወጣቶች እነሆ አቀርባለሁ።

አስቀድሜ ሁለት ነገር ላሳስብ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው። ደግሞም ስለ ሰው አመጣጥ የሃይማኖት መምህራን የሚያስተምሩት ትምህርት እንዳለ አልዘነጋሁም፤ እዚህ የምሠራው ግን መጽሐፉን በራሱ ሚዛን፥ ማለት በአጥንት ምርመራ፥ መመዘን ብቻ ነው።

መጽሐፉ «የአፍሪቃ ዘፍጥረት» የተባለው ሲሆን፥ በ1961 ታትሞ የወጣ ነው። ደራሲው ሮበርት አርድሪ በቺካጎ የተወለደ አሜሪካዊ የተውኔትና የፊልም ጸሐፊ ነበር። በ1966 ደግሞ እንስሳት ይዞታቸውን ስለ መጠበቃቸው ሌላ መጽሐፍ ጽፏል። የልጁ የድንበር ነገር የመጣው ከዚያ ወገን ሳይሆን አይቀርም። የደራሲው አሳብ ባጭሩ ይህ ነው፤ የሰው ጥንተ አባት ሥጋ በላ፥ መሣሪያ ያዥ ገዳይ ነበረ፤ መሣሪያን ሰው አልፈጠረውም፥ ይልቁንም ሰውን ሰው ያደረገው መሣሪያ ነው፤ ስለዚህ ጦርነትም ቅሚያም ከደማችን የወረስነው ነው።

ደራሲው ብርዑ ያማረ መሆኑን አልክድም። ተውኔት ጸሐፊ ስለ ሆነ፥ አንባቢውን ከዋሻ ወደ ዋሻ እንደ መድረክ እያዘዋወረ ያስከትለዋል። በዚያ ላይ መጽሐፉ የወጣው ዓለም ሁለት ታላላቅ ጦርነቶችንና የአቶም ቦምብን አይቶ፥ «እንዲህ ያደረገን ምንድን ነው?» እያለ በሚጨነቅበት ዘመን ነበር። አርድሪም ለዚህ ጭንቀት መልስ ይዞ ቀረበ። በ1963 ኮንራድ ሎሬንስ የተባለው ኦስትሪያዊ የእንስሳት ሊቅ ስለ ጠበኝነት የጻፈው መጽሐፍ ሲጨመርበት አሳቡ ተስፋፋ። በ1968 የወጣው የስታንሊ ኩብሪክ የጠፈር ፊልም እንኳ፥ ዝንጀሮ መሳይ ፍጥረት አጥንት አንሥቶ ሲገድል በማሳየት ይጀምራል። ሊቁ ጻፈው፥ ደራሲው አሳመረው፥ ፊልሙ አሳየው፤ ከዚህ በኋላ የሰፈር ልጅ ቢያምነው ምን ይደንቃል?

አሁን ግን ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፥ የመጽሐፉን መሠረት እንመልከት። መሠረቱ ሬይመንድ ዳርት የተባለ፥ በአውስትራሊያ ተወልዶ በጆሃንስበርግ ያስተምር የነበረ የአካል ጥናት ፕሮፌሰር ነው። በ1924 ታውንግ ከተባለ ስፍራ፥ ኖራ ድንጋይ ከሚፈለፈልበት ጕድጓድ፥ የአንድ ሕፃን የራስ ቅል ደረሰው። ፊቱ እንደ ዝንጀሮ፥ ጥርሱ ወደ ሰው የቀረበ ነበረ። የአንገቱ ቀዳዳ ያለበትን ቦታ አይቶም፥ ይህ ፍጥረት ቀጥ ብሎ በሁለት እግሩ ይሄድ ነበር ሲል በ1925 አስታወቀ፤ «አውስትራሎፒቴከስ አፍሪካኑስ» ብሎም ስም አወጣለት። ትርጓሜው የአፍሪቃ ደቡባዊ ዝንጀሮ ማለት ነው። በዘመኑ የነበሩት ታላላቅ የእንግሊዝ ሊቃውንት አልተቀበሉትም። እነርሱ በ1912 በአገራቸው በፒልትዳውን ተገኘ በተባለው ራስ ቅል ይኮሩ ነበርና። ይህም ራስ ቅል የሰው ቅልና የኦራንጉታን መንጋጋ ተጋጥሞ የተሠራ ማታለያ መሆኑ በ1953 ተገለጠ። ዳርት እውነተኛ አጥንት ይዞ ሲናቅ፥ ሐሰተኛው አጥንት ለአርባ ዓመት ከበረ። ስለዚህ ዳርትን ስነቅፍ ታላቅነቱን ዘንግቼ እንዳልሆነ አንባቢ ይወቅልኝ።

ስሕተቱ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ከጆሃንስበርግ በስተ ሰሜን ማካፓንስጋት በተባለው ዋሻ ከሰባት ሺሕ የሚበልጥ የአጥንት ስብርባሪ ተገኘ። የሚበዛው የድኩላና የመሳሰለው አውሬ አጥንት ነው። ዳርት ሲቈጥረው አንድ ነገር ገረመው፤ አንዳንዱ አጥንት እጅግ ሲበዛ፥ አንዳንዱ ጨርሶ ጥቂት ነው። የታችኛው መንጋጋ ብዙ ነው፤ የፊት እግር የላይኛው አጥንት በክርኑ በኩል ያለው ጫፉ ሲበዛ፥ በትከሻው በኩል ያለው ግን የለም ማለት ይቻላል። እርሱም «ይህ በምርጫ የተሰበሰበ ነው» አለ። ረዥሙን አጥንት ዱላ፥ መንጋጋውን መጋዝ፥ ቀንዱን ጩቤ አደረገው፤ ጥንታዊውንም ፍጥረት ደም የጠማው ገዳይ ብሎ በ1953 ጻፈ። አርድሪ በ1955 ደቡብ አፍሪቃ ሄዶ ይህን ከዳርት አፍ ሰማ፤ ልቡም ተነካ፤ መጽሐፉም ተወለደ።

እንግዲህ ምርመራውን የሠራው ሌላ ሰው ነው። ብሬን የተባለው የደቡብ አፍሪቃ ሊቅ ዳርትን ለመስደብ አልተነሣም፤ አንድ ቀላል ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፤ «ማንም ሳይመርጠው፥ አጥንት በራሱ መንገድ ሲጠፋ ምን ይቀራል?» በ1960ዎቹ ዓመታት በናሚቢያ ምድረ በዳ፥ በኩይሴብ ወንዝ ዳር ወደሚኖሩ ፍየል አርቢዎች ሄደ። ሰዎቹ ፍየል አርደው ሥጋውን ይበላሉ፥ አጥንቱን ሰብረው መቅኑን ያወጣሉ፥ የቀረውን ለውሻ ይጥላሉ፤ ውሻው ያኝከዋል፤ ፀሐይ ያደርቀዋል። ብሬን የተረፈውን ለቅሞ ቢቈጥር፥ የማካፓንስጋት መልክ ወጣለት! መንጋጋው ብዙ ነው፤ በክርኑ በኩል ያለው ጫፍ ብዙ ነው፤ በትከሻው በኩል ያለው ጠፍቷል። ምክንያቱም ምሥጢር የለበትም። ጠንካራው አጥንት ይቀራል፤ ለስላሳውን ጥርስ ይጨርሰዋል። ቤቱ በግ የሚያርድ፥ ደጁም ውሻ ያለ ሰው ሁሉ ይህን በዓይኑ ሊያይ ይችላል።

በዚህ አላበቃም። ስዋርትክራንስ ከተባለው ሌላ ዋሻ፥ ገና ያልጐለመሰ የአንድ ሰው መሰል ፍጥረት የራስ ቅል ስባሪ ተገኝቶ ነበር። በኋላው በኩል ሁለት ቀዳዳዎች አሉበት። ብሬን የነብር መንጋጋ አምጥቶ ቢያስተያየው፥ ሁለቱ የታች ክራንቻዎች ከሁለቱ ቀዳዳዎች ጋራ ገጠሙ። ነብር የገደለውን ዛፍ ላይ ሰቅሎ የመብላት ልማድ አለው። በዚያ ደረቅ አገር ደግሞ ዛፍ የሚበቅለው በዋሻ አፍ ስለ ሆነ፥ የተበላው ፍርፋሪ ወደ ዋሻው ይወድቃል። ብሬን በ1981 ያሳተመው መጽሐፍ አርእስቱ «አዳኞች ወይስ ታዳኞች?» የሚል ነው። የታውንጉ ሕፃን ራሱ እንኳ በዚሁ ዕጣ ወደቀ። በ1995 ሁለት ሊቃውንት የገደለው ትልቅ ንስር መሆን አለበት ሲሉ ጻፉ፤ በ2006 ደግሞ በዓይኑ ጕድጓድ ውስጥ የታየው ጭረት፥ ዛሬ ንስር በበላው ጦጣ ራስ ቅል ላይ ከሚታየው ጋራ እንደሚመሳሰል ተገለጠ።

አባቶቻችን «ሳያጣሩ ወሬ፥ ሳይገሉ ጎፈሬ» ይሉ ነበር። በጥንት ዘመን ጎፈሬ የሚያጐፍረው አንበሳ ወይም ዝሆን የገደለ ሰው ነበርና፥ ሳይገድል ያጐፈረ ይታፈርበት ነበር። አርድሪ ያደረገው ምንድን ነው? ነብር የቀረጠፈውን፥ ንስር የነጠቀውን ደካማ ፍጥረት ከዋሻ አውጥቶ፥ የገዳይ ጎፈሬ ደፋበት። ሟቹን ገዳይ አለው። ይህ ከስሕተት ሁሉ የሚያሳዝን ስሕተት ነው።

አርድሪ ሌላም ማስረጃ አለው። «ጥንታዊው ፍጥረት ክራንቻው ትንሽ ነው፤ ያለ ክራንቻ የሚኖረው መሣሪያ ቢኖረው ነው» ይላል። ይህ በ1961 ለጆሮ የሚጥም ነገር ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን የአገራችን ምድር ሌላ ምስክር አውጥታለች። በ1994 በአፋር፥ በመካከለኛው አዋሽ፥ አራሚስ በተባለው ስፍራ ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ የተባለው ኢትዮጵያዊ ሊቅ የመጀመሪያውን የእጅ አጥንት አገኘ፤ ፍለጋው ሲቀጥል «አርዲ» የተባለችው አካል ወጣች። ዕድሜዋ 4.4 ሚሊዮን ዓመት ነው፤ የጥናቱ ውጤት በ2009 ታተመ። የዚህ ወገን ወንዶች ክራንቻ በዚያን ጊዜ አንሶ ከሴቶቹ ጋራ ተቀራርቧል። እስካሁን ከተገኘው የድንጋይ መሣሪያ ሁሉ የሚቀድመው በኬንያ የተገኘው ሲሆን፥ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ነው። እንግዲህ ጥርሱ ያነሰው መሣሪያው ከመታየቱ ከሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። እንጨት ይበሰብሳልና ዱላ አልነበረም ብዬ አልምልም፤ ነገር ግን ያልተገኘ ዱላ ምስክር ሊሆን አይችልም።

አሁን ወጣቱ አንባቢ፥ «እንግዲያው ጥንታዊው ሰው መልአክ ነበር ማለትህ ነውን?» ብሎ ይጠይቀኝ ይሆናል። አይደለም። ይህን ብል እኔም በተራዬ ሌላ ጎፈሬ እደፋበታለሁ። በዚያው በአዋሽ ሸለቆ፥ ቦዶ በተባለ ስፍራ በ1976 የተገኘው የራስ ቅል ስድስት መቶ ሺሕ ዓመት ገደማ የሆነው ነው። በድንጋይ ስለት ሥጋው የተገፈፈበት ምልክት አለበት። በኬንያ በቱርካና ሐይቅ አጠገብ ናታሩክ በተባለው ስፍራ የተገኙት፥ አሥር ሺሕ ዓመት ገደማ የሆናቸው፥ በጦርና በዱላ ያለቁ ሰዎች ናቸው ሲሉ ሊቃውንት በ2016 ጽፈዋል። ጄን ጉዶል በታንዛኒያ በጎምቤ ያጠናቻቸው ቺምፓንዚዎችም ከ1974 እስከ 1978 በሁለት ወገን ተከፍለው፥ አንዱ ወገን የሌላውን ወንዶች ሲጨርስ ታይቷል። ይህ ሁሉ እውነት ስለ ሆነ መደበቅ አይገባም።

ነገር ግን ከመዝገቡ አንዱን ገጽ ብቻ ቀድዶ ማንበብም አይገባም። ከኮንጎ ወንዝ በስተ ደቡብ ቦኖቦ የተባለ ሌላ ዘመድ አለን፤ ለእኛ ያለው ዝምድና ከቺምፓንዚው አያንስም። በእነርሱ ዘንድ ሴቶቹ ተባብረው አስቸጋሪውን ወንድ ያስታግሣሉ፤ የጎምቤን የመሰለ ጦርነትም አልታየባቸውም። በአገራችን ደጋ፥ በስሜንና በመንዝ ጓሳ የሚኖረው ጭላዳ ክራንቻው የሚያስፈራ ሲሆን ምግቡ ሣር ነው፤ ተቀናቃኙን ሲያስፈራራም ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን ያሳያል። በጓሳ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል ቀስ ብሎ እየተራመደ አይጥ ሲያድን፥ ግልገሎቹን አብዛኛውን ጊዜ እንደማይነካቸው፥ አይጡንም ብቻውን ሲሆን ከሚያገኘው አብልጦ እንደሚይዝ በ2015 የታተመ ጥናት ገልጿል። ሰው መምህሩን ከአራዊት መምረጥ ከፈለገ፥ ለምን ቺምፓንዚውን እንጂ ቦኖቦውን፥ ለምን ዘራፊውን እንጂ ጭላዳውን አይመርጥም? መልሱ ግልጽ ነው። አስቀድሞ ልቡ የፈለገውን ይዞ፥ የሚስማማውን እንስሳ ፍለጋ ስለሚወጣ ነው።

ስለ ጥንታዊው ሰውም እንዲሁ ነው። በጆርጂያ አገር ድማኒሲ በተባለው ስፍራ የተገኘ አንድ የራስ ቅል 1.77 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው ነው። ባለቤቱ ከአንዱ በቀር ጥርሱ ሁሉ ረግፎ፥ መንጋጋው ድኖ፥ ከዚያ በኋላ ዓመታት ኖሯል። ማን አላምጦ ወይም ወቅጦ እንዳበላው አጥንቱ አይነግረንም፤ ነገር ግን የሚረዳው እንደ ነበረ የሚያስቡ ሊቃውንት ብዙ ናቸው። በኢራቅ በሻኒዳር ዋሻ በ1957 የተገኘው ሽማግሌ ኒያንደርታል ደግሞ ይበልጥ ግልጽ ነው። ከግራ ዓይኑ በኩል ፊቱ ተቀጥቅጦ የዳነ፥ ቀኝ ክንዱ ሰልሎ የተቈረጠ፥ የሚያነክስ ሰው ነበር። እንዲህ ሆኖ ብዙ ዓመት ኖሯል። ብቻውን አድኖ ኖረ ብሎ የሚያምን ካለ ይመን፤ እኔ ግን ከበስተ ጀርባው የሚያጐርሰው ሰው ይታየኛል።

በመጽሐፉ ላይ ያለኝን ፍርድ ልሰብስብ። ምስጋና የሚገባው ነገር አለው። ብዙዎች የሰውን መነሻ በሌላ ክፍለ ዓለም ይፈልጉ በነበረበት ጊዜ፥ አፍሪቃ መሆኗን በድፍረት ተናግሯል፤ ድንቅነሽ በ1974 በሐዳር ከተገኘች ወዲህም ይህ ይበልጥ ጸንቷል። ጥፋቶቹ ግን ሦስት ናቸው። አንደኛ፥ የተረፈውን አጥንት አይቶ፥ የጠፋውን ማን እንዳጠፋው ሳይጠይቅ ፈረደ። ሁለተኛ፥ ከአራዊት መካከል ለአሳቡ የሚመቹትን መረጠ። ሦስተኛውና የሚከፋው፥ ከ«እንዲህ ነበረ» ወደ «እንዲህ መሆን አይቀርም» በአንድ እርምጃ ተሻገረ። አያት ገዳይ ቢሆን እንኳ የልጅ ልጅ መግደል አለበት ማለት አይደለም። ደግሞም ታላላቁ ጥፋት ከደም ግፊት አይመጣም። በ1935 እና በ1936 ፋሺስቶች በሕዝባችን ላይ የመርዝ ጋዝ ሲያዘንቡ፥ ጋዙ በፋብሪካ ተሠርቶ፥ በመርከብ ተጭኖ፥ በወረቀት ታዝዞ የመጣ ነበር። በዚያ ሁሉ መንገድ ላይ እምቢ ማለት የሚችሉ ሰዎች ነበሩ። ይህን ሥራ በዝንጀሮ ማሳበብ ፈራሚዎቹን ነጻ ማውጣት ነው።

መጽሐፉን በመለስሁለት ቀን ለዚያ ልጅ ይህንኑ ነገርሁት። በጸጥታ ካዳመጠኝ በኋላ፥ «እሺ ጋሼ፥ ጥንታዊው አያቴ ገዳይ አልነበረም እንበል። ታዲያ ያ ቍጣ ከየት መጣብኝ? እኔ አልጠራሁት» አለኝ። ጥያቄው መልካም ስለ ሆነ ዝም ብዬ አላለፍሁትም።

«ልጄ፥ ቍጣው የቈየ ሊሆን ይችላል፤ እርሱን አልክድህም» አልሁት። «ነገር ግን ልጠይቅህ። ባለፈው ዓመት አስተማሪህ ያለ አግባብ ማርክ ቀነሰብኝ ብለህ እንቅልፍ አጥተህ አልነበረምን?»

«ነበር።»

«ዱላ አነሣህበትን?»

አቀርቅሮ ቀረ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቀስ ብሎ፥ «እርሱን ብመታው ከትምህርት ቤት ያባርሩኛል» አለ።

«እንግዲያው አውሬው ሒሳብ ያውቃል ማለት ነው» አልሁት። «ማንን ቢመታ እንደማይቀጣ ያውቃል። ወንድምህን የመታኸው ስለሚወድህ፥ ይቅር እንደሚልህም ስለምታውቅ ነው።»

ሌላ አልተናገረም። በማግስቱ የወንድሙን ጕልበት ስሞ የሕክምናውን ወጪ ለመክፈል ቃል እንደ ገባ ሰማሁ። ድንበሩ ገና አልተለካም፤ እርሱ በሜትር የሚያልቅ ቀላል ነገር ነው።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ስለ ራስህ ተፈጥሮ የሚነግሩህ መጻሕፍት ብዙ ናቸው፤ ወደ ፊትም ይበዛሉ። አንብባቸው እንጂ አትሽሻቸው። ነገር ግን «የሰው ተፈጥሮ ይህ ነው» የሚል ቃል ባገኘህ ጊዜ ሁለት ነገር ጠይቅ። የመጀመሪያው፥ አጥንቱን ያኘከው ማን ነው? የሁለተኛው፥ ይህን ባምን ከየትኛው ጥፋቴ ነጻ እወጣለሁ? የመጀመሪያው ጥያቄ ከሰነፍ ዕውቀት ይጠብቅሃል፤ የሁለተኛው ከራስህ። ያንን በነብር የተበላ ምስኪን ፍጥረትም ተወው ይረፍ፤ ያላጠፋውን ጥፋት አታሸክመው።